ውይይት አይሸመደድም

ለከፍተኛ ደረጃ የስፓኒሽ የቃል ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ወዴትም ቢዞር አንድ ምክር አያጣም፤ ሸምድድ። ሃምሳ ማያያዣ ሐረግ፣ ሃያ ፈሊጥ፣ ዐሥር ርእሰ ጉዳይ፣ ለእያንዳንዱ ርእስ ተጽፎ ያለቀ አስተያየት። መግቢያው ላይ «ካቤ ዴስታካር ኬ» (ልብ ሊባል የሚገባው) በል፤ መሀል ላይ «ኖ ኦብስታንቴ»ን (ይሁን እንጂ) ጣል አድርግ፤ መጨረሻ ላይ «ኤን ዴፊኒቲባ» (ሲጠቃለል) ብለህ ቋጨው፤ ፈታኙ ተደንቆ ይሸኝሃል። ይህ ምክር ከአስጠኚ አፍ ይሰማል፣ በመሰናዶ መጻሕፍት የመጨረሻ ገጾች ተደርድሮ ይገኛል፣ ፈተናውን ያለፉ ሰዎችም ለተከታዮቻቸው ያወርሱታል። ለገበያም ይመቻል። ዝርዝር ይታተማል፣ ይሸጣል፣ «ጨረስኩት» ይባልለታል።

ምክሩ ግን ስሕተት ነው። ይባስ ብሎ የሚጎዳው ሰነፉን ሳይሆን ትጉውን ነው፤ አምኖ ወራቱን የሚያቃጥለው እሱ ነውና።

የሽምደዳ ወገን ባዶ እጁን አልቆመም፤ ክርክሩ ሳይቀነስ ይቅረብ። አንደኛ፣ የቃል ፈተና ጊዜው አጭር፣ ጭንቀቱ ብዙ ነው። የደነገጠ ሰው አዲስ ዐረፍተ ነገር መፍጠር ያቅተዋል፤ ስለዚህ በቃሉ የያዘው ስንቅ ይሆነዋል ይላሉ። ሁለተኛ፣ ርእሶቹ ይደጋገማሉ። አካባቢ ጥበቃ፣ ቴክኖሎጂ፣ ቱሪዝም፣ ሥራ፣ ትምህርት፣ የከተማ ኑሮ ከፈተና ፈተና አይጠፉም። ሦስተኛ፣ ጥናትም ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ፍራንክ ቦርስና ባልደረቦቹ እንግሊዝኛ በሚያጠኑ የቤልጅየም ተማሪዎች ላይ ያካሄዱት ጥናት፣ ንግግራቸው በተለመዱ የቃላት ጥምረቶች የበለጸገ ተማሪዎች በዳኞች ዘንድ የቋንቋ ችሎታቸው ከፍ ያለ ሆኖ እንደታየ አሳይቷል። አራተኛ፣ ሸምድደው ያለፉ ሰዎች አሉ፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ክርክሩ ሲሰሙት ጠንካራ ይመስላል። ፈተናው ራሱ ምን እንደሚጠይቅ ሲታይ ግን መሠረቱ ይናዳል።

የስፔኑ ሰርቫንቴስ ተቋም የሚያዘጋጀው ዴሌ የተባለው ፈተና ጥሩ ማሳያ ነው። ከፍተኛ ከሚባሉት ደረጃዎች አንዱ በሆነው በሲ1 የቃል ክፍሉ 20 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዚያ በፊት የ20 ደቂቃ መዘጋጃ አለ። በመዘጋጃው ጊዜ ተፈታኙ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቦ ማስታወሻ ይይዛል፤ ሲገባም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ያቀርበዋል። ማስታወሻውን ቃኘት ማድረግ ይችላል፤ እያነበበ መናገር ግን አይፈቀድለትም። ዝግጅት የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ያበቃል። ቀጥሎ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ በዚያው ርእስ ላይ ከፈታኙ ጋር ይወያያል። በመጨረሻም ሌላ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ፣ አስቀድሞ ባልተዘጋጀበት ነገር ላይ፣ ከፈታኙ ጋር ተደራድሮ አንድ ውሳኔ ላይ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ባለው በሲ2 ደግሞ የመጨረሻው ውይይት የሚነሣው እዚያው ፈተና ክፍል ውስጥ ከሚሰጡት የጋዜጣ አርእስት ነው፤ መዘጋጃ ደቂቃ የለውም።

እንግዲህ የፈተናው ትልቁ ክፍል ሌላው ሰው አፉን ሳይከፍት የማይጀመር ከሆነ፣ ከቤት ተጽፎ የመጣው መልስ የየትኛው ጥያቄ መልስ ነው?

ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይሻላል። በሲ1 የመጨረሻ ክፍል የሚቀርበው ዓይነት ሁኔታ ይታሰብ። ጠረጴዛው ላይ አራት ፎቶግራፎች አሉ፤ ተፈታኙና ፈታኙ ለውሃ ቁጠባ ዘመቻ የሚሆን አንድ ፎቶ ተስማምተው መምረጥ አለባቸው። አንዱ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ነው፣ ሁለተኛው የተሰነጣጠቀ መሬት፣ ሦስተኛው ጥርሷን የምትቦርሽ ልጅ፣ አራተኛው የጎደለ ግድብ። ተፈታኙ የተሰነጣጠቀውን መሬት ይመርጣል። ፈታኙም፣ «እሱ ሰውን ያስፈራል እንጂ ቧንቧ አያስዘጋም። ልጅቷ አትሻልም?» ይለዋል።

የሸመደደው ተፈታኝ ትንፋሹን ሰብስቦ «ዴስዴ ሚ ፑንቶ ዴ ቢስታ» ብሎ ይጀምራል፤ «በእኔ አመለካከት» ማለቱ ነው። ውሃ የሕይወት መሠረት መሆኑን ይናገራል። በአንድ በኩል የአየር ንብረት ለውጥ፣ በሌላ በኩል የመንግሥታት ኃላፊነት ይላል። ዐረፍተ ነገሩ ቆንጆ ነው፤ ሰዋስዉም አልተጣሰም። ፈታኙ የጠየቀው ጥያቄ ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። ሌላው ተፈታኝ በቀላል ቃል ይመልሳል፦ «ብዌኖ፣ ማስፈራቱ እውነት ነው። ግን ልጅቷ ጥርሷን ስትቦርሽ ቧንቧው ክፍት ይሁን ዝግ ከፎቶው አይለይም። እሱ ካልታየ ተመልካቹ ምን ይማራል?» ይህኛው ከፈታኙ ቃል ተነሥቶ፣ ግማሹን ተቀብሎ፣ ግማሹን አፍርሶ፣ ኳሱን መለሰለት። ውይይት የሚባለው ይኸ ነው።

ነጥብ አሰጣጡም የሚደግፈው ሁለተኛውን ነው። ፈተና ክፍሉ ውስጥ ሁለት ፈታኞች ይቀመጣሉ። አንዱ እያነጋገረ አጠቃላይ ግምቱን ይሰጣል፤ ሌላው በውይይቱ ሳይገባ ያዳምጥና ወጥነትን፣ ቅልጥፍናን፣ ትክክለኛነትንና የቋንቋ ስፋትን ለየብቻ ይመዝናል። ስለ አየር ንብረት የተራቀቀ ሐሳብ ለማቅረብ የተለየ ነጥብ የለም። ከዚህም በላይ በሲ1 የቃሉ ክፍል ከማዳመጡ ክፍል ጋር በአንድ ምድብ ተጣምሯል። እያንዳንዳቸው 25 ነጥብ ይይዛሉ፤ ተፈታኙም ከምድቡ 50 ነጥብ ቢያንስ 30 ማግኘት አለበት። በሌላው ምድብ የቱንም ያህል ቢያመጣ የዚህን ጉድለት አይሞላለትም። ፈተናውን የሠሩት ሰዎች ጆሮንና አፍን አንድ ላይ አስረዋቸዋል፤ አስጠኚው ለምን ይለያያቸዋል?

የደረጃዎቹ መሠረት የሆነው የአውሮፓ ምክር ቤት የቋንቋዎች ማዕቀፍም እ.ኤ.አ. በ2001 ሲታተም፣ ለብቻ መናገርንና ከሰው ጋር መነጋገርን በተለያየ ሠንጠረዥ ነው ያስቀመጣቸው። ለመነጋገር የዘረዘራቸው ስልቶች ሦስት ናቸው፤ ተራ መያዝ፣ ከተነጋጋሪ ጋር መተባበር፣ ያልገባን ነገር ማጣራት። ከሲ1 ተናጋሪ የሚጠብቀውም የራሱን ንግግር ከሌሎች ንግግር ጋር በብልሃት ማያያዝ ነው። እርግጥ ነው፣ ተራ ለመያዝ የሚረዱ ሐረጎች ከአፍ ሊገኙ ይገባል ይላል። ግን ሐረጉ የሌላውን ንግግር ማንሻ ነው እንጂ የራስን ጽሑፍ መክፈቻ አይደለም።

የቤልጅየሙ ጥናትስ? በውጤቱ ላይ ክርክር የለም፤ የተለመዱ የቃላት ጥምረቶችን የሚጠቀም ሰው የተሻለ ተናጋሪ ሆኖ ይታያል። የሽምደዳ ወገን የሚዘለው ተማሪዎቹ ጥምረቶቹን ያገኙበትን መንገድ ነው። የሠለጠኑት የሐረግ ዝርዝር ተሰጥቷቸው አልነበረም። በሚያነቡትና በሚያዳምጡት ነገር ውስጥ ቃላት ከማን ጋር እንደሚሄዱ ልብ እንዲሉ ነበር የተለማመዱት። ይህ ለሽምደዳ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ በተቃራኒው ለጆሮ ማስረጃ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ስንት የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ፣ ስልቱን ለይቶ ሲያበቃ ከእሱ የሚጠበቀው የራሱ አዲስ ቅኔ ነው፤ የመምህሩን ቢደግም አልተቀኘም።

ደግሞስ የሚሸመደዱት ሐረጎች የማን ናቸው? «ካቤ ዴስታካር ኬ» የጋዜጣ ርእሰ አንቀጽና የዘገባ ቋንቋ ነው። በሲ2 የመጨረሻ ክፍል የሚፈለገው ዘና ያለ ውይይት ውስጥ በየደቂቃው ሲደጋገም ተፈታኙ ወረቀት የሚያነብ ያስመስለዋል። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሲጨዋወቱ ከአፋቸው የማይጠፉት «ፑዌስ»፣ «አ ቤር»፣ «ኦ ሴያ»፣ «ያ፣ ፔሮ» የመሳሰሉት ትንንሽ ቃላት ናቸው። የመጨረሻው «እሺ፣ ግን» እንደማለት ነው፤ ሌላው የተናገረውን ሳይሰሙ ሊናገሩት አይቻልም።

ሸምዳጆች የሚመኩበት ሌላ ነገር አለ፤ ሰዋስው። ከፍተኛ ደረጃ ለማሳየት «ሱብኹንቲቦ» የሚባለው የግሥ ዓይነት መታየት አለበት፤ ስለዚህ ግሡን የያዙ ዐረፍተ ነገሮችን በቃል መያዝ ያስፈልጋል ይላሉ። ይህን የሚል ሰው ስፓኒሽ እንዴት እንደሚሠራ ዘንግቷል። «ነው ብዬ አስባለሁ» ለማለት «ክሬዮ ኬ ኤስ» ይባላል፤ ተራ ግሥ ነው። «ነው ብዬ አላስብም» ለማለት ግን «ኖ ክሬዮ ኬ ሴያ» ይሆናል፤ ግሡ ወዲያው ይለወጣል። ከፎቶዎቹ አንዱን የማይፈልግ ሰው «ኖ ኤስ ኬ ሴያ ፌያ፣ ኤስ ኬ ኖ ዲሴ ናዳ» ሊል ይችላል፤ አስቀያሚ ሆና አይደለም፣ ምንም ስለማትናገር ነው። ባልሆነ ነገር ላይ መገመትም ሌላ ግሥ ይጠራል፤ «ይህንን ብንሰቅል ሰው ምን ያስባል?» ሲባል «ሲ ፑሲዬራሞስ» ብሎ መነሣት ግድ ነው። መቃወም፣ መጠራጠር፣ መገመት በስፓኒሽ ከባዱን ሰዋስው ራሳቸው ጎትተው ያመጡታል። በየቀኑ የሚከራከር ተማሪ ከባዱን ሰዋስው በየቀኑ ይጠቀማል። ሸምዳጁ ግን ለጌጥ ያስቀመጠውን ዐረፍተ ነገር የሚያስገባበት ቦታ ሲፈልግ ጥያቄው ያልፈዋል።

ርእሶች ይደጋገማሉ የሚለው እውነት ነው። ጥያቄዎች ግን አይደጋገሙም። አካባቢ ጥበቃ ማለት አንድ ቀን በከተማ ሰገነት ላይ አትክልት ማልማት፣ ሌላ ቀን ያገለገለ ልብስ መግዛት፣ ሌላ ቀን ቱሪስት ያጨናነቀው የባሕር ዳርቻ ሊሆን ይችላል። የየርእሱን ቃላት ማወቅ ይጠቅማል፤ ማንም አይክደውም። ቃላትን ማወቅና አስተያየትን በቃል መያዝ ግን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ለየትኛውም ጥያቄ ይተርፋል፤ ሁለተኛው ለአንድ ጥያቄ ብቻ ይሆናል፤ ያም ጥያቄ ላይመጣ ይችላል።

ቀጣዩ የጭንቀት ነገር ነው። ሰው ሲነጋገር ለሌላው መልስ ለመስጠት ምን ያህል ጊዜ አለው? እ.ኤ.አ. በ2009 ታንያ ስቲቨርስና የማክስ ፕላንክ ተቋም ባልደረቦቿ ዐሥር ቋንቋዎችን አነጻጽረው ባወጡት ጥናት፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ያለው ክፍተት በአማካይ ወደ 200 ሚሊሴኮንድ ይጠጋል፤ የአንድ ሴኮንድ አምስተኛ ማለት ነው። አንድን ሥዕል አይቶ ስሙን ለመጥራት እንኳ 600 ሚሊሴኮንድ ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ ተነጋጋሪ ሁሉ መልሱን የሚያሰናዳው ሌላው ገና ሳይጨርስ፣ እየሰማ ነው። ሸምዳጁ ግን በዚያች ቅጽበት ጆሮውን ዘግቶ ዝርዝሩን ያገላብጣል። የሚስማማ ነገር ሲያጣም ሁለት ጊዜ ይደነግጣል፤ አንድ ጊዜ ጥያቄውን ስላልሰማ፣ አንድ ጊዜ ስንቁ ስላለቀበት።

የደነገጠን ሰው የሚያወጣው ሌላ ነገር ነው። «ሲ ቴ ኤ ኤንቴንዲዶ ቢዬን» ብሎ፣ ማለትም «በትክክል ተረድቼህ ከሆነ» ብሎ የፈታኙን ሐሳብ በራሱ ቃል መድገም ጊዜ ይሰጣል፣ መስማቱንም ያሳያል፣ ውይይቱንም ያስቀጥላል። ማጣራት ድክመት አይደለም፤ ማዕቀፉ ራሱ ስልት ብሎ የመዘገበው ነው።

ሸምድደው ያለፉት ሰዎች ነገር ይቀራል። ልማዱ ከየት እንደመጣ ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የስፔን ዜግነት የሚጠይቁ፣ ስፓኒሽ ከማይነገርባቸው አገሮች የመጡ አዋቂዎች ቢያንስ የኤ2፣ ማለትም የጀማሪ ደረጃ፣ ማስረጃ ያስፈልጋቸዋል። በዚያ ደረጃ ተፈታኙ ስለ ራሱ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዕለት ኑሮው ይናገራል፤ አንድ ፎቶ ይገልጻል፤ ሱቅ ወይም ቢሮ ውስጥ ያለ ያህል ይነጋገራል። እዚያ ሽምደዳ ይሠራል፤ ጥያቄዎቹ ጠባብ ናቸውና። ኤ2ን በሽምደዳ ያለፈ ሰው ያንኑ መሣሪያ ይዞ ወደ ሲ1 ይወጣል፤ አስጠኚውም ያንኑ ይሸጥለታል። ሲ1ን ሸምድዶ ያለፈ ካለም ያሳለፈው ከዝርዝሩ ውጭ ያለው ስፓኒሹ ነው፤ ከ8 እስከ 12 ደቂቃ ከሰው ጋር ተነጋግሮ ነጥብ አግኝቷልና።

ስፓኒሽ ሳይሸመደድ እንዴት እንደሚገባ ለማየት ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆችና ወጣቶች ወደ ኩባ ተልከው፣ ብዙዎቹ የወጣቶች ደሴት በተባለችው «ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ» ተምረዋል። ቋንቋውን ክፍል ውስጥ መማራቸው እውነት ነው። ክፍሉ ሲያበቃ ግን በዚያው ቋንቋ መኝታ ቤት ውስጥ መጣላት፣ የሎሚና የብርቱካን እርሻ ላይ አብሮ መሥራት፣ መቀለድ፣ ይቅርታ መጠየቅ ነበረባቸው። የብዙዎቹ አነጋገር ዛሬም የኩባ ነው፤ በቃል መጨረሻ ያለችው «ስ» ትዋጣለች። ይህም በዴሌ ፈተና አያስጥልም፤ ስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች ያላቸው ልዩ ልዩ አነጋገር ሁሉ ተቀባይነት አለው።

«እነሱ ኩባ ኖረዋል፤ በርሊን ወይም አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል። ኩባን ይዞ መምጣት አይቻልም፤ መልስ የመስጠት ግዴታን ግን ይዞ መምጣት ይቻላል። ለዚህ አንድ ሌላ ተማሪና ጥቂት የስፓኒሽ ጋዜጣ አርእስት ይበቃሉ። አንዱ አርእስቱን ያነሣል፣ ሌላው የመቃወም ግዴታ አለበት፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ አቋም ይቀያየራሉ። መናገር ከመጀመር በፊት ሌላው ያለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር መድገም ሕግ ይሁን። ንግግሩን በስልክ ቀድቶ ማዳመጥ ደግሞ ማን መለሰ፣ ማን ደሰኮረ የሚለውን ያለ ዳኛ ይለያል። ጆሮን ለማሠልጠንም የስፔን ሬዲዮ ጣቢያዎች በየዕለቱ የሚያሰሟቸው «ቴርቱሊያ» የሚባሉ የውይይት ፕሮግራሞች አሉ። በሬዲዮው ሰዎች ሲቋረጡ፣ ሲመለሱ፣ ግማሹን ሲቀበሉ ይሰማል። ዝርዝር የማያስተምረው ይኸንኑ ነው።

ተነጋጋሪው ማሽን በሆነበት ፈተና ላይ እንኳ ሽምደዳው አያዋጣም። በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የኤፒ ስፓኒሽ ፈተና ለዓመታት በሠራበት መልክ ተማሪው ከተቀዳ ድምፅ ጋር ይነጋገራል፤ አምስት ጊዜ፣ በየተራው 20 ሴኮንድ። የውይይቱ መሥመር አስቀድሞ ይታየዋል፤ ሰላምታ ስጥ፣ አስተያየት ስጥ፣ ግብዣውን ሳትቀበል ሌላ ሐሳብ አቅርብ። የሚቀርበው ግብዣ ምን እንደሆነ ግን ድምፁ እስኪናገር አይታወቅም። ያልሰማ ተማሪ ምኑን እምቢ ይላል?

በሲ1ና በሲ2 የሚፈተነው ሌላ ሰው ሲናገር ሰምቶ በስፓኒሽ መልስ መስጠት ነው። ስለዚህ ለከፍተኛ ደረጃ ተማሪ ሃምሳ ሐረግ አስይዞ መላክ ዝግጅት አይደለም፤ የተማሪውን ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው። አስጠኚዎች የዝርዝሩን ወረቀት ትተው ተማሪዎቻቸውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ያከራክሯቸው። ተማሪውም ለትምህርቱ ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ስንት ደቂቃ ከሰው ጋር እነጋገራለሁ? መልሱ ከዐሥር ደቂቃ በታች ከሆነ ሌላ አስጠኚ ይፈልግ።